«አንዲት ልጅ» ነው ያልኩት

ጥር 14፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለምስክርነት ነው። እትዬ ነርሷ ናቸው ያዘዙኝ። «የመንገዱን ነገር ሁሉ ጻፊው፤ ስትመለሺ ፊታችን ቆመሽ ትነግሪናለሽ፤ ሰው ጌታ ያደረገለትን ካልጻፈ ይረሳል» አሉኝ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የማክሰኞ የሴቶች ጸሎታችንን የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው አንዴ ካዘዙ፣ መርፌም ይሁን ጾም፣ ተቀብሎ መሄድ ነው።

ስለዚህ እጽፋለሁ። ሰኞ ልጃችን ዘንድ እንገባለን። ለትምህርት ውጭ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል። ድሮ ስለ ጫማዋ ማሰሪያ እንኳ ግማሽ ሰዓት የምታወራ ልጅ፣ ሰሞኑን ስልክ ላይ «ደህና ነኝ እማዬ» ብላ ትዘጋለች። አባቷ «እንሂድ» አለ፤ እኔም «እንሂድ» አልኩ። ለምን እንደሆነ አንዳችንም ሌላውን አልጠየቅንም።

ዛሬ እህቶች ቤት ድረስ መጥተው ሻንጣዎቹ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልን። ባለቤቴ በር ተደግፎ ሲያይ ቆየና ሴቶቹ እንደወጡ «በቃ፣ ዚፑም ተፈወሰ ማለት ነው» አለ። እሱ እንዲህ ነው፣ ነገር ሁሉ ይስቅበታል። የከተማ አውቶብስ ሹፌር ስለሆነ እዚህ ላይ ሹፌሬ እለዋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለምጥኔ ካፖርት ሰፍቼላታለሁ፤ ገበሩ ወፍራም፣ ኪሱ ጥልቅ፣ ኮሌታው ጆሮ የሚሸፍን። ምጥኔ የምንላት ልጃችንን ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ ምጥን ያለች ስለሆነች። ልኳን ሜትር ሳልይዝ በልቤ አውቀዋለሁ።

ጥር 18፣ ሰኞ

ደረስን። ተመስገን።

ከመውጫው በር አጠገብ ቆማ ስትጠብቀን እኔ አላወቅኳትም። አልፌያት ልሄድ ስል ሹፌሬ ክንዴን ይዞ «የት ትሄጃለሽ፣ ይቺውና» አለኝ። እናት ልጇን አልፋ ስትሄድ። ብርዱ ዓይኔን አስለቅሶኝ ነው።

ካፖርቱን እዚያው አለበስኳት። ትከሻው ተንሸራቶ ክንዷ ላይ አረፈ። «ልክ አጥፍቻለሁ» አልኩ። «አይ እማዬ፣ ያምራል፤ እዚህ ሰፋ ያለ ነው የሚለበሰው» አለችኝ። እኔ ልክ አላጠፋም።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ጠባብ መኝታ ክፍል፣ አንድ ማድ ቤት፣ አንድ መታጠቢያ ቤት። ማሞቂያው ሲሞቅ ሰው በር የሚያንኳኳ ይመስላል። አብራት የምትኖረው ልጅ የእኛው ቋንቋ ተናጋሪ ናት፤ አክስቷ እኛው ቤተክርስቲያን ዘማሪ ናቸው፣ ሁለቱ የተገናኙትም በእሳቸው በኩል ነው። ቀን ትማራለች፣ ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ሹፌሬ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ «ዳቦ» ብሎ ስም አወጣላት። እሷ ሳቀች። ምጥኔ ግን አልሳቀችም። አባቷ ቀልዶ ያልሳቀችበትን ቀን አላስታውስም።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ይቺ ዳቦ የምትባለው ልጅ ነገሯ አልገባኝም። ቀና ናት፣ ትሑት ናት፣ «እማማ፣ ይቀመጡ» ከአፏ አይጠፋም። ግን የልጄ አለቃ ማን አደረጋት? ማታ ማታ ከኪሷ የመድኃኒት ጠርሙስ ታወጣና አንዲት ፍሬ መዳፏ ላይ ታስቀምጥላታለች። ከዚያ እስክትውጥ ቆማ ታያታለች። ውኃውን ጠጥታ ስትጨርስ ጠርሙሱ ተመልሶ ኪስ ይገባል።

«ሕፃን ናት እንዴ?» አልኩ፣ እየሳቅሁ።

«ቫይታሚን ነው እማዬ፤ እኔ እረሳለሁ» አለች ምጥኔ።

የመታጠቢያ ቤቱም በር ቁልፍ የለውም። ጠፋ አሉኝ። እግሬን በሩ ላይ ተክዬ እየታጠብኩ ነው። ለሹፌሬ «ቁልፍ ሠሪ ፈልግ» ብለው «የሰው ቤት ነው፣ ተይው» አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ሦስታችን ቃሉን ከፍተን እንጸልያለን። ምጥኔ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ «አሜን»ም ትላለች፤ ግን አሜኗ ከእኔ አሜን ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ደክሟት ይሆናል። ትምህርቱ ከባድ ነው።

ጥር 22፣ ዓርብ

ሹፌሬ ዛሬ ጠዋት ጋዜጣ ልግዛ ብሎ ወጣ። የማያነበውን ጋዜጣ። ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ምጥኔ «ትምህርት አለኝ» ብላ ነበር የወጣችው። የአውቶብስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አያት። አውቶብሷ መጣ፣ ሄደ። ሌላም መጣ፣ እሱም ሄደ።

«ሌላ ቁጥር እየጠበቀች ይሆናላ» አልኩት።

«ዕድሜዬን ሙሉ አውቶብስ የሚጠብቅ ሰው ሳይ ነው የኖርኩት» አለ። «አውቶብስ የሚጠብቅ ሰው አንገቱን ያሰግጋል። እሷ መሬት መሬቱን ነው የምታየው።»

አጠገቧ አልሄደም። ለምን ብለው «እንዳላሳፍራት» አለኝ። ይሄ ሰውዬ አንዳንዴ ያናድደኛል። እኔ ብሆን ሄጄ ክንዷን እይዛት ነበር።

ጥር 25፣ ሰኞ

ረጅም ነው የምጽፈው። ሁሉም ወጥተዋል፤ ማድ ቤቱ ለእኔ ቀርቷል።

ልብስ ልናጥብ ምድር ቤት ወረድን፣ እኔና ምጥኔ። እዚያ የሕንፃው ሰው ሁሉ የሚያጥብበት ክፍል አለ፤ መስኮት የለውም፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ልብሱን ማጠቢያ መኪናው ውስጥ አስገብተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ስለ ዘይት ቆሻሻ እያወራሁ ነበር፣ በምን እንደሚለቅ። እሷ ከበርሜሉ መስታወት ላይ ዓይኗን ሳታነሣ «እማዬ፣ ትምህርቱን ካቆምኩ ቆይቻለሁ» አለችኝ።

ዝም አልኩ። መቼም ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል።

መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ አላት። ከዚያ እንቅልፍ ብቻ ሆነ። ለፈተና ቀርባ ወረቀቱን አይታ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ደግሞ የሆነ ቀን… እሱን እዚህ አልጽፈውም። ሆስፒታል ገብታ እንደነበረ ብቻ ልጻፍ። ዳቦ ናት የወሰደቻት። ቫይታሚን ያሉኝ ቫይታሚን አይደለም፤ የጭንቀት መድኃኒት ነው። አሁን ይሻለኛል አለች። ሐኪሟ ጥሩ ሰው ናት አለች።

«መጸለይ አልችልም እማዬ። አፌን እከፍትና ምንም የለም። እግዚአብሔር ተቆጥቶኝ ይሆን?»

ምን ብዬ ልመልስላት? አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። «ንስሐ ግቢ፣ ይለቅሻል» አልኳት። እንዳልኩት ፊቷ ተዘጋ። ጌታ ሆይ፣ ያቺን ቃል መልስልኝ። ልጄ እግሯን ተሰብራ ብትመጣ እንዲህ እላት ነበር?

ከዚያ ለአባቷ ራሷ እንደምትነግረው ነገረችኝ፤ ጊዜ ስጪኝ አለችኝ። ለሌላ ግን ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። «በእኔ ሞት» አለች። ከሰው ሁሉ እሷ። «እሺ» አልኳት። ልብሱ አልቆ መኪናው ሲጮህ ሁለታችንም ደነገጥን።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ፈጥኜ ልጻፍ፣ ለገበያ እየጠሩኝ ነው።

ዛሬ እህቶች የሚሰበሰቡበት ቀን ነው። ደረጃው ላይ ወጥቼ በስልክ ድምፄን ቀድቼ ላክሁላቸው። ስሟን አልጠራሁም። «አንዲት ልጅ» ነው ያልኩት። «ውጭ አገር የምትማር አንዲት ልጅ ትምህርቷን አቋርጣለች፣ ጠላት ነፍሷን ሊነጥቅ ሞክሯል፣ ሆስፒታልም ደርሳለች፣ በጸሎት ያዙልኝ።» ይኸው ነው። ማልቀሴ ብቻ አልቀረም።

ጸሎት ነው እንጂ ወሬ አይደለም።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ቀለል ብሎኛል። ምሳም በላሁ። እትዬ ነርሷ «በርትተን ይዘናል» ብለው ላኩልኝ። ሸክም ለብዙ ትከሻ ሲከፋፈል እንዲህ ነው እንግዲህ።

ሹፌሬ አተኩሮ ሲያየኝ ቆየና «ምነው ዛሬ ፊትሽ ፈታ አለ?» አለኝ። «ጸለይኩ» አልኩት። ውሸት አይደለም።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ስልኳ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል።

መጀመሪያ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ የነበሩት ሴትዮ ደወሉ። ከዚያ አብራት ትዘምር የነበረች ልጅ። ከዚያ በሕይወቷ አንድ ቀን ሰላም ብላት የማታውቅ ሰው «ያ መንፈስ በስሙ ተገሥጿል፣ አይዞሽ» ብላ ጻፈችላት። ምጥኔ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

«ሁሉም ያውቃል» አለች። «እማዬ፣ ሆስፒታሉን ሁሉ ያውቃሉ።»

እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። የታጠበውን ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩት።

«ዳቦ ናት። ለአክስቷ ነግራ ነው። ከአንቺና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ከአንቺና ከእሷ ስትል እኔን አየችኝ፤ ግን እኔን አልጠረጠረችም። ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አልጠረጠረችኝም። ያኔ ነበር መናገር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን «ሰው አይታመንም» አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አውቃለሁ።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ግድግዳው ስስ ነው። ሁሉንም ሰማሁ።

ምጥኔ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም፤ ዛሬ ጮኸች። ዳቦ ድምፅዋን አላነሣችም። «ያን ቀን በር ሰብሬ የገባሁት እኔ ነኝ» አለቻት። «ለወሬ የምፈልገው ቢሆን ያኔውኑ አወራው ነበር። ለአክስቴ አልነገርኩም። ማመን ያንቺ ፈንታ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው? ማን ነገራቸው?»

ዳቦ ከክፍሉ ወጣች። ማድ ቤት መጥታ ጫማዋን ማሰር ጀመረች፣ እኔ ፊት። አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። ቁጣም አልነበረበትም፤ እኔ ግን ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አንድ ነገር ላርም። ባለፈው ሰኞ ስለ ምድር ቤቱ ስጽፍ አንድ ነገር ትቼ ነበር። ምጥኔ «ለማንም» ብላ አላቆመችም። «ለጸሎትም ቢሆን» ብላኛለች። ታውቀኛለቻ። ታውቀኛለች፣ ግን ነገረችኝ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

እትዬ ነርሷ ዘንድ ደወልኩ። «እትዬ፣ ያን የላክሁትን ከእናንተ ሌላ ማን ሰማው?»

«ለማንም አልተነገረም፤ ለጸሎት ሰንሰለቱ ብቻ ነው የተላለፈው።»

«ሰንሰለቱ ላይ ምን ያህል ሰው አለ?»

«እሱን ጌታ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይልቅ፣ ልጅቷ ምን እንዳደረገች ትንሽ ብታብራሪልን፤ በዝርዝር ስናውቅ በዝርዝር እንጸልያለን።»

ልጅቷ አሉ። እኔ ነኝ «አንዲት ልጅ» ያልኩት፣ ግን እሳቸው አፍ ላይ ስሰማው ልጄን ሰው መንገድ ላይ ዕርቃኗን ያቆማት መሰለኝ። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁ። ኔትወርኩ ጥሩ ነበር።

ልቆጣቸው አልቻልኩም። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ስንቱን «አንዲት እህት»፣ ስንቱን «አንድ ወንድም» ስሰማ፣ ማን እንደሆነ በልቤ እየገመትኩ «አሜን» ስል አይደል የኖርኩት።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ዳቦ ለቃ ሄደች። ዳቦ ቤቱ አጠገብ ክፍል አግኝታለች። ምጥኔ ክፍሏን ዘግታ አልወጣችም። ሹፌሬ ሻንጣዋን እስከ ታች ተሸክሞላት ወረደ።

እሱ ወርዶ እያለ ልጅቷ ማድ ቤት ገባች። ጠርሙሱን ከኪሷ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«እማማ፣ ማታ አንድ ብቻ። ስትውጥ ይዩ። ጠርሙሱ እሷ ክፍል እንዳያድር፣ እርስዎ ዘንድ ይሁን። የመታጠቢያ ቤቱን ቁልፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው፣ ግን አይመልሱት። ብዙ ስትተኛ በር አንኳኩተው ያናግሯት፣ ስለ ምንም ይሁን፣ ስለ አየሩም ቢሆን። ሐኪሟ ጋ ሐሙስ ሐሙስ አብሬያት ነበር የምሄደው።»

እግሬን በሩ ላይ ተክዬ ስታጠብ የተማረርኩበት ቁልፍ ይህ ነው። ጠርሙሱን ኪሷ ውስጥ ይዛ ስትዞር «አለቃ» ያልኳት ልጅ ይቺ ናት። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«እናንተ የምትሄዱት ሳምንት ነው» አለች። «ከዚያ ለማን እንደምትሰጡት አላውቅም።»

ልትወጣ ስትል «እኔ አልተናገርኩም፣ እማማ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ቆመች። ጠበቀች። ብዙ ነው የጠበቀችው። እኔም «ጌታ ይባርክሽ» አልኳት።

ይህን ነው ያልኳት። ጌታ ይባርክሽ። እሷም «አሜን» ብላ ወጣች።

የካቲት 8፣ እሑድ

ቤተክርስቲያን ሄድን፣ እዚሁ ሰፈር ያለው። ቋንቋውን አንድ ቃል አልሰማም። ምጥኔ በር ደርሳ «እኔ እዚህ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ» አለች፤ ሹፌሬም «እኔም እግሬን አሞኛል» ብሎ አብሯት ተቀመጠ። እግሩ ምንም አልሆነ። እኔ ብቻዬን ገባሁ።

ሰባኪው ረጅም ሰበከ። ምን እንዳለ ስላልገባኝ የሚለው ሁሉ ለእኔ ሆነ። እጁን ሲያነሣ እኔን፣ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እኔን። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ስብከት ስሰማ ይሄ ለእገሊት ነበር እላለሁ። እገሊትን የማላውቅበት አገር መጥቼ ነው ራሴን ያገኘሁት። ለመዝሙር ሲነሡ ተነሣሁ፤ እጄን ማንሣት ግን አቃተኝ።

ስንመለስ ምጥኔ ቀድማ ትሄድ ነበር። ሹፌሬ ወደ ኋላ ቀረት አለና «ነገረችኝ» አለ። «ሁሉንም።»

«ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ። አብሬያት ተቀመጥኩ።» ትንሽ ሄደን ደግሞ «እኔ እንኳ ከአሥር ቀን በላይ ሆኖኛል ካወቅኩ» አለ።

ቆምኩ።

«ያን ቀን የፎቁ ደረጃ ላይ ስታለቅሺ ድምፅሽ ታች ድረስ ይሰማል። ወተት ገዝቼ እየወጣሁ ነበር።» ፊቴን አላየኝም። «እሷ ራሷ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። አንቺም እስክትነግሪያት ጠበቅኩ።»

«አንተ ንገርልኝ» አልኩት። አዎ፣ እንዲህ አልኩት።

«አልነግርም። ያንቺ ነው። ግን ዓርብ እንሄዳለን፤ ልጄን ብቻዋን ጥዬ አልሳፈርም። አንቺ ካልነገርሻት ዳቦ አትመለስም፤ ዳቦ ካልተመለሰች ደግሞ እኔ እዚሁ ነኝ፤ ሥራዬም ይቅር።»

ሹፌሬ ሲቀልድ እንጂ እንዲህ ሲናገር አላውቀውም።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ነገርኳት።

ካፖርቱን ልክ ላስገባላት ጀምሬ ነበር። ማድ ቤቱ መሐል አቁሜያት ከኋላ እጥፋቱን በመርፌ እየያዝኩ ነው። መርፌዎቹን በከንፈሬ ነው የምይዛቸው፣ ልማዴ ነው፤ እነሱን ከአፌ ሳወጣ መናገሬ እንደማይቀር ገባኝ። ፊቷን እያየሁ አልነበረም የነገርኳት። ለጀርባዋ ነው የነገርኩት። ይህም ይጻፍ።

«ዳቦ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

አልዞረችም። ካፖርቱ በመርፌ ተሞልቷል፤ ብትንቀሳቀስ ይወጋታል።

«ለማን?»

«ለእህቶች። ለጸሎት ነው። በድምፅ ላክሁ። ስምሽን ግን አልጠራሁም፣ ምጥኔ፤ አንዲት ልጅ ነው ያልኩት።»

«እማዬ፣ ስንት ልጅ ነው ያለሽ?»

አንድ ነው ያለኝ። ከቤተክርስቲያናችን ልጆች ደግሞ ውጭ አገር የሚማር ሌላ ማንም የለም። ይህን እኔ አጥቼው ነው?

«ዳቦን ስሰድብ እዚህ ቆመሽ ነበር» አለች። «ብርጭቆ ይዘሽ።»

«ቆሜ ነበር።»

«ሰው አይታመንም አልሽኝ።»

«አልኩሽ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ምክንያት ልደረድር አፌን ከፈትኩ፤ ፈርቼ ነው ልላት፣ እናት ነኝ ልላት፣ ብቻዬን መሸከም አቅቶኝ ነው ልላት። እውነት ናቸው፤ ግን አንዱም ለእሷ የሚጠቅማት አልነበረም። ዘጋሁት።

«መርፌውን አውጪልኝ» አለች። አንድ በአንድ አወጣሁ። ካፖርቱ ሲወልቅ ወንበሩ ላይ ጥላው በሹራብ ብቻ ወጣች። ሹፌሬ ጃኬቱን ይዞ ተከተላት።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ትናንት ምጥኔ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆማ ዳቦን ጠብቃታለች። ሹፌሬ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ አይቷቸዋል። «ምን ተባባሉ?» ስለው «አልሰማሁም» አለ። ቢሰማም አይነግረኝም። ልክ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ዳቦ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ዱቄት ቅንድቧ ላይ ቀርቷል። ተነሥቼ «ይቅር በዪኝ፣ ልጄ» አልኳት፣ ምጥኔም ሹፌሬም ባሉበት። «እማማ፣ እኔስ እሺ፤ እሷን ነው እንጂ» አለችኝ። እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ ልትስመኝ መስሎኝ ነበር። ጠርሙሱን ነው የፈለገችው። ሰጠኋት፣ ቁልፉንም።

የካቲት 13፣ ዓርብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ

ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ምጥኔ ካፖርቱን ለብሳ ሸኘችን። ልክ ሆኗል፤ ሐሙስን በሙሉ ስሰፋው ዋልኩ፣ እሷ ከዳቦ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄዳ ሳለ። ሰውነቷ ሲመለስ ሊሰፋ እንዲችል ትርፉን ውስጥ ሳልቆርጥ ተውኩላት።

አባቷን አንገቱን አቅፋ ቆየች። እኔን ሳመችኝ። «አልጠላሁሽም እማዬ» አለችኝ ጆሮዬ ላይ። «ግን ከእንግዲህ የምነግረው ለአባዬ ነው።»

«እሺ» አልኳት።

በምድር ቤቱ እሺና በዚህኛው እሺ መሐል ያለውን አሁን አውቀዋለሁ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ማክሰኞ ሆነ። ሄድኩ። ባልሄድ ይሻል ነበር፤ ግን ብቀር ደግሞ ሌላ ወሬ ነው።

እትዬ ነርሷ «እህታችን ለምስክርነት» ብለው አስነሡኝ። ሁሉም አንገታቸውን አሰግገው ጠበቁኝ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። «በሰላም ሄደን በሰላም ተመልሰናል። ተመስገን» አልኩና ቆምኩ። ከዚያ ቀጠልኩ፦ «ከዚህ በፊት አንዲት ልጅ ብዬ የላክሁት ነበር። ልጄ ናት፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አደራ ብላ የነገረችኝን ነው በጸሎት ስም አሳልፌ የሰጠሁት። የደወላችሁላት ካላችሁ፣ በደሉ የእኔ ነውና እኔን አስቡኝ፤ እሷን ግን እባካችሁ ተዉልኝ።»

አንዷ «እንዴ፣ ለክፉ አይደለም እኮ» አለች። ሌላዋ መሬት አየች። የዳቦ አክስት ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ስንወጣ እጄን ይዘው ጨበጡኝና ለቀቁኝ።

እትዬ ነርሷ እስከ በር ሸኙኝ። «እሺ፣ ያለፈው አለፈ። አሁን ግን እንዴት ናት?» አሉኝ፣ በሹክሹክታ።

«ደህና ናት፣ እትዬ።»

ቅር አላቸው። ቀን ሙሉ ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀመጠብኝ፣ አለመናገር። ልማድ የለኝማ።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ጸሎት እንደ ድሮው አይመጣልኝም። እንበረከክና ገና «ጌታ ሆይ፣ ምጥኔን…» ስል ራሴን እሰማዋለሁ፤ የሚያምር ቃል ስመርጥ፣ ድምፄን ሳስተካክል። ማን ይሰማኛል ብዬ ነው? ዛሬ አቋርጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አፌን ከፍቼ ምንም የለም። ልጄ ይህንን ነበር የነገረችኝ። እኔ ደግሞ ንስሐ ግቢ አልኳት።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ዛሬ ሹፌሬ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት። ከእኔ ጋር ሰላም ተባባልን፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ካፖርቱ። ከዚያ «አባዬን አቅርቢልኝ» አለች። መኝታ ቤት ይዞት ገባ።

እኔ ሳሎን የስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ፤ የሰው ቀሚስ ዳር እየሰፋሁ። በሩ በደንብ አይገጥምም፤ ድምፅ ያልፋል። ሹፌሬ «እ… እ… መቼ?» ሲል ሰማሁ። ከዚያ «አይ፣ ደግ አደረግሽ የነገርሽኝ» አለ። እጄ ቆመ። ጆሮዬ ብቻ ሆንኩ። መቼ ምን? ምን ሆነች? ተነሥቼ በሩ አጠገብ ደረስኩ፤ አልክድም፣ እጀታው ላይ እጄ ነበር። የእሷ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ይሰማል፤ ጠጋ ብል ቃሉን እለየዋለሁ።

ተመለስኩ። ቀሚሱ አልቋል፣ የሚሰፋ አልቀረም። ቁርጥራጭ ጨርቅ አንሥቼ መርፌው ሥር አስገባሁና ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። መኪናው ቤቱን በጩኸት ሞላው። ጨርቁ ሲያልቅ አዙሬ፣ እንደገና አዙሬ ሰፋሁት። «አንተ ስማት» አልኩ፤ «እኔ አልሰማም፣ አንተ ስማት።» ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ጸልዬ አላውቅም።

ሹፌሬ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ቆሞ የረገጥኩትን ፔዳል፣ የተሰፋፋውን ቁርጥራጭ አየ። ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ምን እየሰፋሽ ነው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።